ኮርግ ኤም1፦ ባትሪው ደክሟል ይላል፣ ሰባት ቁልፎች አይሰሙም፣ አምፕሊፋየር ላይ ያጉረመርማል፤ ከየት ልጀምር?

ዋሽንት61 (ሀዋሳ)

ሰላም ለቤቱ። የምጠግነው ኮርግ ኤም1 የሚባል የሙዚቃ ኪቦርድ ነው፤ ባለ 61 ቁልፍ፣ ከአሜሪካ የመጣ። ከኋላው 120 ቮልት ይላል፣ የሚሠራው በስቴፕ ዳውን (ቮልቴጅ ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር) ነው። ያሉበት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ሲበራ የውስጥ ባትሪው ደክሟል የሚል መልእክት ያሳያል፤ ድምፆቹ ግን ገና አልጠፉም። ሰባት ቁልፎች ጭራሽ አይሰሙም፦ ከግራ ወደ ቀኝ ኤፍ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኤፍ። መሀል ላይ ያለው ሲ ደግሞ የቱንም ያህል በቀስታ ቢነካ ይጮኻል። ስክሪኑ ደብዝዟል፣ ከውስጥም ቀጭን ፉጨት ይሰማል። አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ "ምምም" የሚል ጉርምርምታ አለ፤ የኪቦርዱን ቮልዩም ዜሮ ባደርገውም አይቀንስም።

ሚሞሪው ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የሠራቸው የክራርና የማሲንቆ ድምፆች አሉ። እነሱ እንዲጠፉ በፍጹም አልፈልግም። ያለኝ መሣሪያ ዲጂታል ቴስተር፣ 40 ዋት ሶልደሪንግ አይረን፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ነው። ሲአር2032 ባትሪም ገዝቻለሁ። እሱን በመቀየር ልጀምር?

ሊድና_ቦርድ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ባትሪውን አሁን አትንካው። እነዚያ ድምፆች ያሉት በባትሪ ብቻ በሚኖር ራም ላይ ነው፤ ኪቦርዱ ጠፍቶ ባትሪው ከተነሳ በቅጽበት ያበቃላቸዋል። የፋብሪካው ድምፅ በፋይል ይገኛል፣ ሰው በእጁ የሠራው ክራር ግን ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ኃይሉን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ ቁልፎቹ፣ በመጨረሻ ስክሪኑ።

ኃይሉን ያስቀደምኩበት ምክንያት አለኝ። ስቴፕ ዳውን ቮልቴጁን በግማሽ ይከፍላል እንጂ አያስተካክልም። የግድግዳው 230 ሲሆን ኪቦርዱ 115 ያገኛል፤ ማታ ማታ ወደ 180 ሲወርድ ደግሞ 90 ብቻ ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ በኪቦርዱ ውስጥ ያለው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያረጋው ክፍል) 5 ቮልቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ፕሮሰሰሩ ይደናበራል፣ ራሙ ላይ ያልታዘዘውን ሊጽፍ ይችላል። በዚህ መሀል ሚሞሪ ማስተላለፍ አደገኛ ነው። ስታብላይዘር ካለህ ከስቴፕ ዳውኑ በፊት አስገባው። 100 ዋት የሚል ስቴፕ ዳውን ለዚህ ኪቦርድ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ከባድ፣ የመዳብ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር መሆኑ ነው። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡትን ቀላል የጉዞ መቀየሪያዎች አትጠቀም። እነሱ የሞገዱን ቅርጽ ይቆራርጡታል፣ የኪቦርዱ ትራንስፎርመርም ይግላል።

መብራት ሲሄድ ወዲያው ሶኬቱን ንቀል። ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ስካው።

አሁን ሁለት ነገር ለካና ጻፍልን። አንደኛ፣ ኪቦርዱ በርቶ ሳለ ከስቴፕ ዳውኑ የሚወጣው ስንት ነው? ባዶውን አትለካ፣ ጭነት ሲኖረው ይወርዳልና። ሁለተኛ፣ ጉርምርምታው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ስትሰማም አለ ወይ? ሁሉንም ኬብል ንቀልና ማዳመጫ ብቻ ሰክተህ ሞክር።

ሚዲ_ሲልቨርስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ሚሞሪውን የማስቀመጡን ሥራ እኔ ላብራራ። የሚያስፈልግህ ዩኤስቢ ሚዲ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ኪቦርድን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ገመድ፣ እና ሲስኤክስ (ኪቦርዱ ሚሞሪውን የሚልክበት መልእክት) የሚቀበል ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሚዲ ኦክስ፣ ማክ ላይ ሲስኤክስ ላይብራሪያን ነጻ ናቸው።

የኪቦርዱን ሚዲ አውት ወደ ኢንተርፌሱ ኢን፣ ኢንተርፌሱን አውት ወደ ኪቦርዱ ኢን አድርግ። ብዙ ርካሽ ገመዶች ላይ የተጻፈው ኢን እና አውት ምን ላይ እንደሚሰካ ነው የሚናገረው ወይስ ገመዱ ራሱ ምን እንደሆነ፣ ግልጽ አይደለም። ምንም ካልመጣልህ መጀመሪያ አገላብጠህ ሞክር።

ግሎባል ሞድ ውስጥ ገብተህ የሚዲ ቻናሉን 1 አድርግ፤ የሚዲ ፊልተሩ ላይ ኤክስክሉሲቭ (ሲስኤክስ ማለት ነው) የሚለው መፈቀዱን አረጋግጥ። ከዚያ ዳታ ደምፕ ወደሚለው ገጽ ሂድና ሁሉንም የሚለውን መርጠህ ላክ። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚሄደው፤ አንድ ባይት 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ 3,125 ባይት ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል፣ በመሀል ቁልፍ አትንካ።

የመጣው ፋይል ጤነኛ መሆኑን እንዲህ ታውቃለህ። የሚጀምረው በ"ኤፍ0 42 30 19" ነው። 42 የኮርግ መለያ ነው፣ 30 ቻናል 1 ማለት ነው (ቻናል 2 ቢሆን 31 ይሆናል)፣ 19 ኤም1ን ያመለክታል። መጨረሻው ኤፍ7 መሆን አለበት። ኤፍ7 ከሌለው በመሀል ተቆርጧል። ሁለት ጊዜ ላክና ሁለቱን ፋይሎች አወዳድር፤ መጠናቸው እኩል ካልሆነ ኢንተርፌሱ ባይት እየጣለ ነው። ርካሾቹ አጫጭር ኖታዎችን በደንብ ያስተላልፋሉ፣ ረጅም ሲስኤክስ ላይ ግን ይወድቃሉ። እንዲህ ከሆነ ሌላ ተዋስ እንጂ በዚያው አትቀጥል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሚሞሪው 100 ፕሮግራም (ነጠላ ድምፅ) እና 100 ኮምቢኔሽን (የፕሮግራሞች ጥምር) ወይም 50 እና 50 ተደርጎ ይከፈላል፤ ሁለተኛው ለሲኩዌንሰሩ (ለሙዚቃ መቅጃው) ሰፊ ቦታ ይተዋል። አሁን በየትኛው እንዳለ ጻፈውና፣ ፋይሉ እጅህ ሳይገባ ይህን ምርጫ አትቀይረው።

ኦሲሎ (ድሬዳዋ)

ይህ ሁሉ ባያስፈልግስ? ኪቦርዱ በርቶ እያለ ባትሪውን ቢቀይረው ራሙ ከ5 ቮልቱ ስለሚመገብ ምንም አይጠፋም። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

ሊድና_ቦርድ (አዲስ አበባ)

ኦሲሎ፣ መርሁ ትክክል ነው፤ ሲበራ ራሙ በዋናው 5 ቮልት ይያዛል። የምቃወመው እንደ ብቸኛ መፍትሔ መቅረቡን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ኪቦርዱ ሲበራ የትራንስፎርመሩ የመግቢያ ጎን 120 ቮልት እንደያዘ ክፍት ይሆናል። በዚያ ላይ ፒንሳው አንሸራትቶት የባትሪው ሁለት ጫፍ ቢገናኝ ወይም በዚያው ቅጽበት መብራት ቢሄድ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ባትሪው በሶልደር የተያዘ ከሆነ ደግሞ፣ የመሬት ሽቦ (አርዝ) የሌለው አይረን በበራ ቦርድ ላይ ማሳረፍ ራሙንም ቺፖቹንም ሊገድል ይችላል። ፋይሉ ከተቀመጠ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም፤ አጥፍተህ ትቀይራለህ፣ ፋይሉን መልሰህ ትጭናለህ።

ዋሽንት61 (ሀዋሳ)

እግዜር ይስጥልኝ። ስቴፕ ዳውኑ ኪቦርዱ በርቶ 112 ቮልት ይሰጣል፤ ግድግዳው 224 ነው። በጆሮ ማዳመጫ ጉርምርምታው የለም፣ ንጹሕ ነው። ሚሞሪውን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱም ፋይሎች እኩል ናቸው፣ በኤፍ0 42 30 19 ጀምረው በኤፍ7 ያልቃሉ። ሚሞሪው 100 በ100 ነው።

ሊድና_ቦርድ (አዲስ አበባ)

በጣም ጥሩ። 112 ይበቃል። ማዳመጫው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የኃይል ክፍሉን ካፓሲተሮች ለመቀየር አትቸኩል። የማጣሪያ ካፓሲተር ሲደክም የሚመጣው ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ነው፣ ምክንያቱም ዳዮዶቹ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) የ50 ኸርዙን ሁለቱንም ግማሽ ስለሚጠቀሙ፤ እሱ ደግሞ በማዳመጫውም ይሰማ ነበር። ያንተ ከኪቦርዱ ውጭ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖ አለመቀነሱም ይህንኑ ይናገራል። የጃኩን ኬብል ቴስተር ላይ በኦም ለካው፦ ጫፍ ከጫፍ፣ እጀታ ከእጀታ። እጀታው (ሺልዱ) ከተቆረጠ አምፕሊፋየሩ ከአየር ላይ የሚለቅመው 50 ኸርዝ ነው የምትሰማው።

አሁን ባትሪው። ኪቦርዱን ከሶኬት ንቀልና ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ገልብጠው። ግራ ያለው ጆይስቲክ ክብደት እንዳይሸከም፣ ከሁለቱም ዳር ታጥፎ የተቀመጠ ጨርቅ አድርግለት፤ ጆይስቲኩ አየር ላይ ይንጠልጠል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማስገባት የቁልፎቹን መቀመጫ ሊበሳ ወይም ቦርድ ሊነካ ይችላል፤ ካርቶን ላይ የታችኛውን ክዳን ሥዕል ሥራና እያንዳንዱን በቦታው ውጋው።

አሮጌውን ለካ። አዲስ ሲአር2032 ያለ ጭነት 3.2 አካባቢ ያሳያል፤ ከ2.7 በታች ከሆነ መቀየር አለበት። ባትሪው መያዣ ውስጥ ከሆነ በፕላስቲክ ነገር ገፋ አድርገህ አውጣው። በሶልደር የተያዘ ከሆነ አዲሱን ባትሪ በቀጥታ አትበይድ፤ ሙቀቱ ሊቲየሙን ሊያፈነዳው ይችላል። ለሲአር2032 የሚሆን መያዣ ገዝተህ መያዣውን በይድ፤ ቀጣዩ ቅያሬ ያለ አይረን ይሆናል። ቦርዱ ላይ ያለው የፕላስ ምልክት ከመያዣው ፕላስ ጋር መገጣጠሙን በቴስተር አረጋግጥ።

አዲሱን ከማስገባትህ በፊት አንድ ፍተሻ አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። ባዶው መያዣ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሪሲስተር በሁለቱ ጫፍ መሀል አገናኝ፤ እጅህን አርቀህ አብራና ቮልቴጁን ለካ። ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። 4 ወይም 5 ቮልት ካሳየ የመከላከያው ዳዮድ ሾርት ሆኗል (በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል) ማለት ነው፤ ኪቦርዱ ሊቲየም ባትሪውን ቻርጅ እያደረገ ነው፣ እሱ ደግሞ ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል። ሪሲስተሩ ያስፈለገው ጤነኛ ዳዮድም ጥቂት ስለሚያሳልፍ ነው። ዲጂታል ቴስተር ያን ጥቂቱን ትልቅ ቮልቴጅ አስመስሎ ያሳየዋል።

ካርቦን_ላስቲክ (መቀሌ)

ስለ ቁልፎቹ ልግባ፤ ጠያቂው የሰጠው ዝርዝር ብዙ ይናገራል።

መጀመሪያ የቁልፍ ችግር ነው ወይስ የድምፅ ሰጪው? ኮምፒውተሩ በሚዲ ያንኑ ኖታ ቢልክና ኪቦርዱ ቢያሰማው፣ ድምፅ ሰጪው ጤነኛ ነው። ኤም1 16 ድምፆቹን ለየቁልፉ በቋሚነት አይመድብም፣ እንደ ተራው ነው የሚያድለው፤ ስለዚህ አንድ ቁልፍ ብቻ ሁሌ ዝም ካለ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አሁን ሰባቱን ቁልፎች በሚዲ ቁጥር እንጻፋቸው። ባለ 61 ቁልፍ ከ36 እስከ 96 ይሄዳል። ኤፍ 41፣ ሲ ሻርፕ 49፣ ኤ 57፣ ኤፍ 65፣ ሲ ሻርፕ 73፣ ኤ 81፣ ኤፍ 89። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁሉም ቦታ 8 ነው። ለሙዚቀኛ ዓይን የተበታተነ ይመስላል፣ ለቦርዱ ግን አንድ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩ 61 ቁልፎችን በ61 ሽቦ አያነብም፤ ስምንት ስምንት አድርጎ በመቧደን በረድፍና በአምድ ይቃኛቸዋል። ከእያንዳንዱ ቡድን ስድስተኛዋ ቁልፍ ከጠፋች የሁሉም ስድስተኛ የሚጋሩት አንድ መስመር ተቋርጧል። በተቃራኒው ስምንት ተከታታይ ቁልፎች በአንድ ላይ ቢጠፉ ኖሮ የቡድኑ መስመር ነበር። አንድ ቁልፍ ብቻዋን ብትጠፋ ደግሞ ቆሻሻ ወይም የራሷ ዳዮድ።

ስለዚህ ሰባቱን ላስቲኮች በማጽዳት ጊዜ አታባክን። የቁልፎቹን ቦርድ ከዋናው ጋር የሚያገናኘውን ሪባን ኬብል ፈልግ። ሁለቱን ጫፎች ነቅለህ መልሰህ ስካ፤ ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልሆነ ቴስተሩን በድምፅ ማሰሚያው ላይ አድርገህ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሽ፤ ቀጥሎ ከኮኔክተሩ ፒን ሥር ያለውን ሶልደር በማጉያ መነጽር እይ። በፒኑ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ካየህ ሶልደሩ ተሰንጥቋል።

ጯሂው ሲ (60) የተለየ ጉዳይ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት የካርቦን ንክኪ አለ። አንዱ ቀድሞ ይነካል፣ ሌላው ትንሽ ቆይቶ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ነው ፍጥነቱን የሚናገረው። የመጀመሪያው ከቆሸሸ ዘግይቶ ይገናኛል፣ ጊዜው ያጥራል፣ ፕሮሰሰሩም "በኃይል ተመታ" ብሎ ይረዳል። ሁለተኛው ከቆሸሸ ቁልፉ ዝም ይላል። ሚዲ ኦክስ ላይ የፍጥነቱን ቁጥር እያየህ ቀስ ብለህ ደጋግመህ ንካው፤ ጎረቤቶቹ 30 እና 40 ሲሰጡ እሱ ከ110 በላይ እየሰጠ ከሆነ ምርመራው አልቋል።

ዋሽንት61 (ሀዋሳ)

ጋሼ ካርቦን፣ ሪባኑን ነቅዬ ስመልሰው ቁልፎቹ ለጥቂት ጊዜ መጥተው እንደገና ጠፉ። ኮኔክተሩን በጣት ገፋ ሳደርገው ይመጣሉ። 60 ቁጥር ሁሌ ከ115 በላይ ነው። ኬብሉም እንደተባለው እጀታው ተቆርጧል፤ በሌላ ስቀይረው ጉርምርምታው ጠፋ። ባትሪው መያዣ ውስጥ ነበር፣ 2.4 ይላል። በ10 ኪሎ ኦሙ የለካሁት 0.02 ቮልት ነው። ለማጽዳት የእጅ ሳኒታይዘር ይሆናል?

ካርቦን_ላስቲክ (መቀሌ)

በጣት ሲገፋ ከመጣ የተሰነጠቀ ሶልደር ነው። ሶኬቱን ንቀል፣ ቦርዱን አውጣ። የኮኔክተሩን ፒኖች በሙሉ እንደገና በይድ፣ አንዱን ብቻ አይደለም፤ አንዱን የሰነጠቀው ጫና ሌሎቹንም ነክቷል። 40 ዋትህ ሙቀቱ ካልተስተካከለ ለዚህ ቦርድ ጠንከር ይላል፤ ቀጭን ጫፍ አድርግ፣ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ በላይ አታቆይ፣ አለበለዚያ የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ይላቀቃል። ሊዱ (የመበየጃው ሽቦ) 60/40 ወይም 63/37፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች። ፍላክስ ጨምርበት። በውሃ ቧንቧ ሥራ የሚያገለግለውን አሲድ ያለውን ፍላክስ ግን አታስጠጋው፣ መዳቡን ይበላዋል።

ሳኒታይዘር አይሆንም። እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ ካርቦኑ ላይ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፣ እንደገና አቧራ ይሰበስባል። የስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ፈልግ። ቤንዚን፣ አሴቶንና የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ላስቲኩን ያሳብጡታል።

የንክኪውን ቦርድ ብሎኖች ከሥር ማግኘት ከቻልክ ቁልፎቹን አትንቀል። ቦርዱን ስታነሳ ላስቲኩ አብሮ ይመጣል። ክር የማይጥል፣ ጥጡ የማይበታተን የጥጥ እንጨት በአልኮል አርጥበህ ቦርዱ ላይ ያሉትን ጥቁር ንክኪዎች ጥረግ፤ የላስቲኩን ጥቁር ነጥብ ግን ጫን ሳትል ንካ ንካ ብቻ አድርገው። ካርቦኑ ቀጭን ንብርብር ነው፣ ካሸኸው ይነሳል። በጣትህ አትንካው፣ ቅባት ይተዋል። እስኪደርቅ ጠብቅ። መልሰህ ስታስገባ የላስቲኩን ትንንሽ እግሮች ጫፉ በደነዘ እንጨት እያንዳንዱን በቀዳዳው አስገባ፤ አንዱ ከተረሳ ላስቲኩ ያብጥና ጎረቤት ቁልፎች ከባድ ወይም ጯሂ ይሆናሉ። ብሎኖቹን ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር ጥብቅ አድርግ፣ እንደ መኪና ጎማ አታንቃቸው፤ የሚይዙት ፕላስቲክ ነው። ክዳኑን ሳትዘጋ 61ዱንም በሚዲ ቁጥር ፈትሽ።

ሚዲ_ሲልቨርስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ቢዘበራረቅ አትደንግጥ፤ ባዶ ራም እንዲያ ነው። ነገር ግን የግሎባሉ ቅንብርም አብሮ ሊዛባ ይችላል። ቁልፎቹ በሙሉ ዝም ካሉ ሪባኑን ከመጠርጠርህ በፊት ሎካል የሚለው (ቁልፎቹን ከኪቦርዱ የራሱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘው ቅንብር) ኦን መሆኑን እይ። ማስተር ቱኑና ትራንስፖዙም ዜሮ ላይ ይሁኑ።

ለመመለስ፦ የፕሮግራምና የኮምቢኔሽን ሚሞሪ ፕሮቴክት (ሚሞሪው ላይ እንዳይጻፍ የሚከለክለውን) አጥፋ፣ ኤክስክሉሲቭ ፍቀድ፣ ቻናሉን ፋይሉ ሲቀመጥ ወደነበረበት ወደ 1 መልስ። ቻናሉ ከተለያየ ኪቦርዱ ያንን 30 አይቶ "የእኔ አይደለም" ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተት መኖሩንም አይነግርህም። ከገባ በኋላ ሚሞሪ ፕሮቴክቱን መልሰህ አብራ። የፋይሉን ቅጂ ኢሜይልህ ላይም አስቀምጥ።

ኦሲሎ (ድሬዳዋ)

ስክሪኑ አልተነሳም፤ እሱን እኔ ልመልስ። ፉጨቱ የሚመጣው ከጀርባ ብርሃኑ ኢንቨርተር ነው። የዚህ ዘመን ኪቦርዶች ጀርባ ያለው ኤልኢዲ ሳይሆን በራሱ የሚያበራ ስስ ሉህ ነው፤ ከ5 ቮልቱ ወደ 100 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኃይል ይሠራለታል። ሉሁ በዕድሜ ይደክማል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ፉጨቱ ይቀራል። በርቶ ሳለ ያንን አካባቢ አትንካ፣ ይነዝራል። ከሁሉ በፊት ግን የኮንትራስቱን ማስተካከያ አዙረህ እይ።

አማራጩ ሁለት ነው። ሉሁን ብቻ በአዲስ መተካት ይቻላል፣ ያኔ ፉጨቱ አብሮህ ይኖራል። እኔ የምመክረው 40 ፊደል በ2 መስመር የሆነ ኤልኢዲ ያለው ኤልሲዲ መግጠም ነው። ከመበየድህ በፊት የአሮጌውንና የአዲሱን ፒን 1 እና ፒን 2 አወዳድር፤ በአንዳንዶቹ መሬቱና 5 ቮልቱ ተቀያይረዋል፣ ተገልብጦ ከተሰጠው ወዲያው ይቃጠላል። ኢንቨርተሩን ሙሉ በሙሉ አላቅቀው፣ ውጤቱን ለኤልኢዲ እንዳትሰጥ። ኤልኢዲውን ከ5 ቮልቱ በሪሲስተር መግበው፤ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ቀሪውን 2 ቮልት 100 ኦም ሲይዘው 20 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ብርሃኑ ከበዛብህ 220 ኦም አድርገው። ሞጁሉ ላይ የራሱ ሪሲስተር ካለ ተጨማሪ አያስፈልግም።

ዋሽንት61 (ሀዋሳ)

ፒኖቹን በሙሉ በይጃለሁ፤ ሰባቱም ቁልፎች ተመልሰዋል፣ ኮኔክተሩን ብነቀንቀውም አይጠፉም። 60 ቁጥር ከጸዳ በኋላ በቀስታ ሲነካ 35 አካባቢ ይሰጣል። ፋይሉ ገብቷል፣ ክራሩም ማሲንቆውም በቦታቸው ናቸው። የቀረው ስክሪኑ ነው፣ ሞጁሉን አዝዣለሁ። አንድ ጥያቄ፦ 71 እና 72 አሁን ከበፊቱ ትንሽ ከበድ ብለዋል፤ ድምፃቸው ግን ደህና ነው።

ካርቦን_ላስቲክ (መቀሌ)

ሁለቱ የላስቲኩ ቁራጮች የሚገናኙበት ቦታ ይመስለኛል። የዚያን ጫፍ እግር በእንጨቱ እንደገና ግፋው፤ ላስቲኩ ከቦርዱ ጋር ተኝቶ በመሀል ብርሃን የማያሳልፍ መሆን አለበት። ብሎን ሳትጨምርበት በፊት ቁልፎቹን ሞክራቸው።